ወባ ያልነው የራስ ምታት

ከኮኪት የተነሳነው ልጄን ትዕግሥትን ለማስመርመር ነው። ሃያ ዓመቷ ነው፤ በከተማችን የሴቶች ኳስ ቡድን አጥቂ ናት። ከእሁዱ ጨዋታ ወዲህ ራሷን ያማታል፣ ያስመልሳታል፣ ብርሃን ትሸሻለች። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት እንዲህ ያለውን ሁሉ እኛ ቆለኞች ወባ ነው እንላለን። አማተብኩና ሚኒባስ ተሳፈርን።

ገንዳ ውሃ

በመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ ቆሟል። ከጎናችን የተቀመጠው የጎጃም አጫጅ ልጄን አይቶ «ወባ ናት። ይች ቆላችሁ በአንድ እጇ ገንዘብ እየሰጠች በሌላው ታንቀጠቅጣለች» አለ።

ገንዳ ውሃ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ለምርመራ ደም ሰጥታ ጠበቅን። የጤና መኮንኑ ውጤቱን ይዞ መጣ።

«እናቴ፣ ወባ የለባትም።»

«በዚህ ወቅት ሌላ ምን ይሆናል ልጄ?»

ወደ እሷ ዞረ። «ጭንቅላትሽን የመታሽ ነገር አለ?»

እኔን አየችኝና አቀረቀረች። «እሁድ ከተከላካይዋ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨን። ለትንሽ ጊዜ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ውሃ አፈሰሱብኝና ተመልሼ ገባሁ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ኳሱን ታስተዪኛለሽ ብዬ ነዋ!»

መኮንኑ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ እንዳይሆን ሰጋ፤ ዛሬውኑ ጎንደር ሄዳ ፎቶ ትነሳ አለ። ወዲያው የጎንደር መኪና ያዝን።

ወደ ጎንደር

ነጋዴ ባህር የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ መንገዱ ዳገት ነው። በየጉድጓዱ ሾፌሩን እማጸናለሁ። «አይዞዎት እናቴ፣ እንቁላል የጫንኩ ያህል ነው የምነዳው» አለኝ። አይከል ከተማ ለምሳ ቆምን። ረቡዕ ነበርና ሽሮ አዘዝን፤ ሁለት ጉርሻ ብቻ ቀመሰች። የቀረውን መንገድ እመቤቴን ስለምን ሄድኩ።

ጎንደር ሆስፒታል ሲቲ ስካን ተነሳች። ውጤቱ እስኪደርስ ዶክተሩ ሚዛኗን ለማየት በአንድ እግሯ አቆማት። ከዚያ ወራቱን ከመጨረሻው ወደ ኋላ እንድትጠራ ጠየቃት። ከነሐሴ ጀመረች።

«ጳጉሜንስ?»

«ዶክተር፣ እሷንማ ደመወዝ ከፋዩም ይረሳታል!»

ሳቀ። እኔም ከእሁድ ወዲህ ገና መሳቄ ነበር።

ፎቶው መጣ። «እናቴ፣ ደም አልፈሰሰም» አለኝ። ተመስገን ብዬ መሬት ሳምኩ። እሱ ግን ቀጠለ፦ «አንጎሏ በግጭቱ ተናውጧል። ይህ በፎቶ አይታይም፤ የምናውቀው ራሷ ስትነግረን ነው። አሁን እረፍት ያስፈልጋታል። ሳይሻላት ዳግም ብትመታ ግን አደገኛ ነው።»

«ኳሱን ላስተዋት?»

«ድና፣ እኛም አይተናት፣ ቀስ በቀስ ትመለሳለች። ብቻ ሲያማት አትደብቅዎት።»

ኮኪት

በማግስቱ ስንመለስ አሰልጣኟ በር ላይ ጠበቀን።

«እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ቅዳሜ ግጥሚያ አለን። ውሃ አፍስሰንብሽ ትገቢያለሽ፣ አይደል?»

እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ አሁንም ራሴን ያመኛል። አልገባም።»

ሕመሟን ያስደበቃት የእኔን ቁጣ መፍራቷ እንደነበር በዚህ ጉዞ ተምሬያለሁ። ስለዚህ እጇን ይዤ «ስትድኚ እኔም ሜዳው ድረስ መጥቼ አይሻለሁ» አልኳት። መስኮቱን በነጠላዬ ጋርጄ አስተኛኋት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንቅልፍ ወሰዳት።