አውሮፕላን የማይቆምበት መንደር

ዛሂራ ይማም ከወሎ፣ ከወረባቦ ተነስታ ካርቱም የገባችው ገና በአፍላነቷ ነው። ሪያድ ሰፈር ሐጃ ፋሪሃ የሚባሉ ባልቴት ቤት ተቀጠረች፤ እዚያው ኖረች። የሐጃ አንድ ልጅ ሁዘይፋ ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ይሠራል። እናቱን የሚጠይቀው በአውሮፕላን እየመጣ ነው።

"ስድስት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ምን አላት? አንድ ሰዓት ናት" ይል ነበር።

ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ኤርፖርቱ በዚያው ቀን ተዘጋ። የአገሯ ልጅ አሚና ሐጅ ዩሱፍ ከሚባለው ሰፈር ደወለችላት።

"ወደ መተማ የሚሄድ መኪና አግኝተናል። ያላ፣ ቶሎ ውጪ!"

"ሐጃንስ?"

"ልጅ አላቸው አይደል?"

"በምን ይምጣ?"

አሚና "አላህ ይጠብቅሽ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ውሃ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ የሐጃ የስኳር መድኃኒትም አለቀ። ሁዘይፋ በስልክ "እባክሽ እናቴን ፖርት ሱዳን በመኪና አምጪልኝ" እያለ ለመናት። ዛሂራ አሮጊቷን ደግፋ አወጣችና ወደ ሰሜን በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። አንድ ኬላ ላይ ታጣቂ ዛሂራን ከወንበሯ አስነሳት።

"አንቺ ምናቸው ነሽ?"

መልስ ሳትሰጥ ሐጃ ቀደሟት። "ልጄ ናት። ምን አገባህ?"

ትቷት ወረደ።

መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው። በየኬላው መቆም፣ ነዳጅ ፍለጋ መንከራተት፣ በረሃ ላይ ማደር መጣ። አትባራ ከተማን ካለፉ በኋላ ሐጃ ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ።

"ዛሂራ፣ ገና ነው?"

"ደርሰናል ሐጃ፣ አብሽሩ።"

አልደረሱም ነበር። ሾፌሩ ከመንገድ ዳር ባለች ትንሽ መንደር አወረዳቸው። ሐጃ እዚያው፣ ራሳቸው ዛሂራ ጭን ላይ እንዳለ ዐረፉ። የመንደሩ ሴቶች ከእሷ ጋር አጥበው ገነዟቸው፤ ወንዶቹ ሰግደው ቀበሯቸው። ዛሂራ ወደ ፖርት ሱዳን መንገዷን ብቻዋን ቀጠለች። ሁዘይፋ በሩን ከፍቶ ብቻዋን ሲያያት ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

እዚያው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ኖረች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ካርቱም በረራ ሲጀመር ሁዘይፋ የእናቱን ቤት ለማየት ሁለት ትኬት ቆርጦ መጣ።

"እኔ በአውሮፕላን አልሄድም" አለችው።

"ፈርተሽ ነው?"

"አይደለም። አውሮፕላኑ እናትዎ ጋ አይቆምም።"

ሁዘይፋ ትኬቶቹን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በኋላ ቀስ ብሎ፣ "መንገዱ አስጊ ነው እያልኩ ቀረሁ። ከተከፈተም በኋላ አልሄድኩም። መቃብሯን ማየት ፈርቼ ነው" አላት።

በመኪና ሄዱ። ሐጃ ያረፉባት መንደር ሲደርሱ ሐጃን አብራት ያጠበች አንዲት ሴት ዛሂራን ገና ከሩቅ አውቃት እየሮጠች መጣች፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሁዘይፋ መቃብሩ አጠገብ ተንበረከከ። መዳፉን አፈሩ ላይ አድርጎ "ዘገየሁብሽ፣ እናቴ" ሲል ሰሙት። ከዚያ በኋላ ያለውን እንዳይሰሙ ሁለቱ ሴቶች ራቅ ብለው ቆሙ።

ካርቱም ሲደርሱ ቤቱ ተዘርፏል፤ በሩ እንኳ ተነቅሏል። ሁዘይፋ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ዛሂራ የለበሰችውን ቶብ ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ገባችና ከሐጃ ክፍል ጀምራ የተሰባበረውን መስተዋት ትለቅም ጀመር።