ጀርባ ሳይሰጡ ኦርኬስትራ መምራት

በሀዋሳ ታሪክ ፊቱን ወደ ሕዝብ፣ ጀርባውን ወደ ተጫዋቾቹ አዙሮ ሙሉ ኦርኬስትራ የመራ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። በሀዋሳ አልኩ እንጂ በዓለምም ሳልሆን አልቀርም። ሙሉ ስልህ ዘጠኝ ሰው ነው። ሕዝብ ፊት የመራሁትም አንድ ቀን ነው። መራሁ ለማለት ራሱ... እሱን ቆይተን እናየዋለን።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው እሑድ እዚህ ታቦር ሰፈር ጎረቤቴ የበሯን የነሐስ እጀታ በአመድና በሎሚ ታሽ ነበር። ሽታው በአጥሩ በኩል መጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ በስልክ የማወራውን ሰው ረሳሁት። እሱ ሃሎ፣ ሃሎ ይላል፤ እኔ የድሮው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ቆሜያለሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት መሪያችን ትራምፔታቸውን የሚወለውሉት በአመድና በሎሚ ነበር።

ያኔ ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። ሆቴሎች ሲወረሱ ሐይቁ ዳር ከነበረ አንድ ሆቴል መጋዘን ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያዎች ተገኙና ለቀበሌያችን ተሰጡ። ሦስት ቁልፎቹ ድምፅ የማይሰጡ አንድ አኮርዲዮን፣ አንድ ክላርኔት፣ ሲምባል የሚባሉ ሁለት የነሐስ ሳህኖች፣ ደግሞም ሁለት ትራምፔት። በአንደኛው ትራምፔት ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታ፣ ጫጩት ፈልፍላ፣ ልጆቿንም ድራ ነበር። ከበሮው፣ ክራሩና ማሲንቆው ከየቤቱ መጣ።

ያንን ሁሉ ኦርኬስትራ ያደረጉት ግን አንድ ሰው ናቸው። በጦር ሠራዊት የማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ሲነፉ ኖረው ጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም፤ ከአዳራሹ ሌላ የሚሄዱበት ቦታ አልነበራቸውም። ጠዋት እሳቸው ይከፍቱታል፣ ማታ እሳቸው ይቆልፉታል። የራሳቸው የሚመስለው ትራምፔት እንኳ የቀበሌው ንብረት ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ጎረምሳ ነበርኩ። ሲምባሎቹን እመታ ነበር፤ በአንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ፣ ያውም ጋሼ በቅንድባቸው ሲጠቅሱኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ሂስና ግለ ሂስ ነበረብን። የቀበሌው የባህል ኃላፊ ደብተሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ እያንዳንዳችን አንድ ጓድ መተቸት ግዴታችን ነው። የማይተች አድርባይ ይባላል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ አድርባይ መባል ቀልድ አልነበረም። ስለዚህ ጋሼ መላ አበጁ። ዓርብ ዓርብ፣ ኃላፊው በሌለበት፣ ሂሶቹን ልክ እንደ ዘፈን ክፍል ያከፋፍሉን ነበር። አንተ የክራሩን ማርፈድ ትናገራለህ፣ አንቺ የክላርኔቱን ሸሚዝ መቆሸሽ፣ አንተ ደግሞ የእኔን ቁጣ። የተተቸው ተነስቶ ሂሱን ተቀብያለሁ ይላል፣ ኃላፊው ይጽፋል፣ በሰላም እንበተናለን።

አንድ ዓርብ ልዋኝ ሐይቅ ወርጄ ቀረሁ። ቅዳሜ ተራዬ ሲደርስ አፌ ባዶ ነበር። ኃላፊው እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ያየኛል። ዓሣ ዓሣ የሚል ነፋስ ይገባል፤ ከመስኮቱ ውጪ አንድ አባ ኮዳ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤ ራሰ በራ፣ ኮቱን የደረበ ባለሥልጣን ይመስላል። ከዚያ ወፍ በቀር ምንም ሊታየኝ አልቻለም።

"ጋሼ ሲመሩ ለሰፊው ሕዝብ ጀርባቸውን ይሰጣሉ" አልኩ።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አኮርዲዮን ተጫዋቿ ብቻ ሳቅ ጀምራ መልሳ ዋጠችው።

"ድገመው እስቲ ጓድ" አለኝ ኃላፊው።

ደገምኩት። ለሁለተኛ ጊዜ ስለው ለራሴም እውነት እውነት መሰለኝ። አንድ ሰው በእንግዳ ፊት ሲያልፍ እንኳ ስለ ጀርባው ይቅርታ በሚጠይቅበት አገር፣ አደባባይ ሙሉ ሰው ፊት ጀርባ ሰጥቶ መቆም! ኃላፊው እንዲህ ያለ ሂስ ደብተሩ ውስጥ ገብቶለት አያውቅም። ጋሼ ቀስ ብለው አስረዱት፤ ተጫዋች የመሪውን እጅ ካላየ መቼ እንደሚገባ አያውቅም አሉት። እንግዲያው ፊትዎን ወደ ሕዝቡ አዙረው ይምሩ አላቸው። እንደሱ አይመራም አሉ። ክርክሩ እስኪመሽ ሄደና በመጨረሻ ድምፅ ተሰጠ፤ ጋሼ ከመሪነት ወረዱ። ማን ይምራ ሲባል ኃላፊው ችግሩን ያየው ጓድ ይምራ አለ። እጆች አንድ በአንድ ወጡ። የጋሼም እጅ ወጣ። ስንት ዓመት አሰብኩት፤ እሷ እጅ እስካሁን አልገባችኝም።

ጋሼ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ትራምፔቷን አትውሰዱብኝ። ከኋላ ቁጭ ብዬ ልንፋ።"

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ፤ አዲሱ መሪ እኔ ነኛ። በእሺታ አንገቴን ነቀነቅኩ። ጋሼ የመምሪያ በትሩን ሲያስረክቡኝ ግራ ተጋብቼ በየትኛው ጫፍ እንደሚያዝ ጠየቅኳቸው፤ በቀጭኑ አይደለም አሉኝ።

ሁለት ሳምንት ተለማመድን። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዬን ወደ ባንዱ። የሚገርመው፣ ዘፈኑ ይሄድ ነበር። ተሰጥኦ ይኼ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቤት ውስጥ እናቴን ሳይቀር እጄን እያወዛወዝኩ ማናገር ጀምሬ ነበር።

የአብዮት በዓል ጠዋት አደባባዩ ጢም አለ። ከአዲስ አበባ አንድ ሙዚቃ የሚያውቅ እንግዳ መጥቶ ነበር፤ ከኃላፊው በላይ፣ ከኃላፊው አለቃም በላይ የሆነ ሰው። በትሬን አነሳሁ። ገና ሳላወርደው ከኋላዬ ሙዚቃው ተጀመረ። ቸኮሉ ብዬ ተናደድኩ። ትንሽ እንደሄድን የሐይቁ ነፋስ አንዱን መፈክር ከምሰሶው ገንጥሎ ሲያበረው ዓይኔ እሱን ተከተለ፤ እጄም እንደ ትራፊክ ፖሊስ አየር ላይ ቆማ ቀረች። ሙዚቃው ግን አልቆመም። ግራ ገባኝ። አንገቴን ሰረቅ አድርጌ ወደ ኋላ አየሁ። የሁሉም ዓይን መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር። ጋሼ ትራምፔታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ ቀኝ ጫማቸው ሳንቃው ላይ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል።

ሁለቱንም ሳምንት እንደዚያ ነበር። ከእኔ በስተቀር ሁሉም ያውቃል።

ጭብጨባው ሲያበቃ እንግዳው መድረክ ላይ ወጥቶ እጄን ጨበጠኝ፤ ይስቅ ነበር።

"እጅህ ሌላ ይላል፣ ባንዱ ሌላ ይላል" አለኝ። "እውነቱን ንገረኝ፣ ይኼን ባንድ የሚመራው ማነው? ለቁጣ አይደለም። እንዲህ የሚያስተምር ሰው ቦታው ላይ መሆን አለበት።"

ኃላፊው አጠገቡ ደርቆ ቆሟል። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ በትሩ ለጋሼ ይመለሳል፤ እሱን ሰውዬ የሚቃወም ማንም አልነበረም። ከበሮ መቺው ከኋላዬ ጎኔን ጎሰም አደረገኝና "ንገረው እንጂ" አለኝ በሹክሹክታ። ጋሼ አጎንብሰው ከትራምፔታቸው ውስጥ የትንፋሽ ውኃውን እያፈሰሱ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

እንግዳው ረዘም አድርጎ አየኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ወረደ።

ከመድረክ ስንወርድ ጋሼ በአጠገቤ አለፉ። "እጅህን ያን ያህል አታንሳው ልጄ፤ ትከሻህን ያምሃል" አሉኝ። ጥቂት ወራት ከኋላ ተቀምጠው ነፉ። ከዚያ አንድ ቀን ትራምፔቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ለኃላፊው አስረከቡና የእህታቸው ልጅ ወዳለችበት አገር ሄዱ። በተከታዩ ቅዳሜ በትሬን አነሳሁ፤ አወረድኩት። ማንም አልጀመረም። ደግሜ አነሳሁ። ክራር ተጫዋቹ ክራሩን አንስቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ፊት አውርቼዋለሁ። እውነቱ ቢወጣ ጋሼን በአሻጥር ይከሷቸው ነበር፣ እኔ ነኝ ያልኩት እሳቸውን ለማዳን ነው እያልኩ ነበር የማወራው። ሰሚው ሁሉ ይመርቀኛል። ውሸት ነው። ያን ሰዓት ስለ ጋሼ ምንም አላሰብኩም። መሪ መባሉ ጥሞኝ ነበር።