አባቴ ዘይት የቀቡት ጠመንጃ

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። እስራኤል ከገባን ሁለት ዓመት አልሞላንም፤ የምንኖረው ፔታህ ቲክቫ፣ ሃዳር ጋኒም ሰፈር ነበር። እስከ ዛሬ ከሆዴ ያልወጣው ጥፋተኛ ስለሌለበት ይመስለኛል። ጥፋተኛ ቢኖርማ ተቆጥቼበት እረሳው ነበር።

ኪርያት አርዬ ውስጥ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ እሠራ ነበር። እዚያ ያኮቭ የሚባል ከሩማንያ የመጣ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ዕድሜው ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ሰላምታ እንኳን የሚሰስት ነጭናጫ ሰው። በእኔ ላይ ግን ነጭንጮ አያውቅም። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ የተወላገደ ዕብራይስጤን ያቃናልኝም እሱ ነው።

የያኮቭ ፍቅሩ የኢላማ ተኩስ ነበር። በዚያ ዓመት ክለባቸው ወደ ውጭ አገር የሚልከውን ቡድን ሊመርጥ ነው። «ዐይኔ እየደከመ ነው። ዘንድሮ ካልገባሁ በቃኝ፣ ከእንግዲህ አልሞክርም» አለኝ። እንዲህ ሲል ያን ያህል የጓጓ ሰው አይቼ አላውቅም።

ጠመንጃው ላይ የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ተገጥሞለታል። በመነጽሩ ሲያዩ እንደ መስቀል የተጋደሙ ሁለት ቀጫጭን ክሮች አሉ። ያኮቭ እንዳስረዳኝ፣ የቆመችው ክር ከጠመንጃው ጋር ቀጥ ካላለች ጉድ ይፈላል። በቅርብ ላያስታውቅ ይችላል፤ ኢላማው በራቀ ቁጥር ግን ጥይቱ ወደ ጎን ይሸሻል።

ረቡዕ ከሥራ ስንወጣ አለቃችንን አስፈቅደን ማስተካከል ጀመርን። ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቅልለን ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሠርነው። ያኮቭ ጠመንጃው ጀርባ ላይ ውሃ ልክ አስቀመጠ፤ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ቱንቢ አንጠለጠልን። እሱ በመነጽሩ እያየ የውስጧን ክር ከቱንቢው ክር ጋር ያገጥማል፤ እኔ ብሎኖቹን አጠብቃለሁ። አንዱን ጎን ጠበቅ ሳደርግ መነጽሩ ዘወር ይላል፤ ፈትተን እንደገና። «ቀስ! እንደ ሕፃን ያዘው!» እያለ ይጮህብኛል። በመጨረሻ ሁለቱ ክሮች አንድ ሆኑ። ያኮቭ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሐሙስ ሁለታችንም ከሥራ ፈቃድ ወስደን ነበር፤ ያኮቭ ጠዋት ተኩስ ሜዳ ሄዶ ሞከረው፤ ያለበት ሁሉ ይገባለታል። ውድድሩ አርብ ጠዋት ነው። ከሜዳው ሲመለስ ምሳ እኛ ቤት ጋበዝኩት። ጠመንጃ መኪና ውስጥ አይተውምና ጥይቱን አውጥቶ ይዞት ገባ።

አባቴ አገር ቤት ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻም ያበጃሉ፣ ጠመንጃም ያበጃሉ። ሰው ከስንት አገር ምንሽሩን ተሸክሞ ደጃችን ይመጣ ነበር። ይመጣል እንጂ እህላችንን አይቀምስም፤ «ቡዳ ናቸው» ብሎ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ጎንደር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። እዚህ ከመጡ ወዲህ ደግሞ የሚያበጁት ነገር የለም፤ ቀኑን ሙሉ እጃቸውን እያሹ መቀመጥ ብቻ።

ያኮቭ ወጡ አቃጥሎት እንባው እየወረደ ደግሞ አስጨመረ። አባቴ የራሳቸውን ትተው እሱን ያያሉ። ከምሳ በኋላ ያኮቭን ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው፤ እኔ እናቴን ለማገዝ ማድቤት ገባሁ።

ስመለስ አባቴ ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከመኝታ ቤት ወጡ። ብረቱ ያብለጨልጫል።

«ቀጥቃጭ ቤት የገባ ጠመንጃ ዘይት ሳይቀባ አይወጣም፤ ንገረው» አሉኝ። «ይኼን መነጽርም አውርጄ ከሥሩ ጠራርጌለታለሁ። ከላዩ ያለው ጉጥ ወደ ጎን ያጋደለ መሰለኝ፤ አቅንቼ መለስኩለት። የኔን እህል የበላ ባለጠመንጃ እሱ የመጀመሪያዬ ነው በለው።»

የረቡዕ ልፋታችን ፈረሰ። የመጨረሻዋን ብቻ ተረጎምኩለት። ያኮቭ ግን ነቅቶ መነጽሩን እያየ ነበር፤ ከእኔ በፊት ገብቶታል። ተነሣ፤ እንደኛ ጎንበስ ብሎ ጠመንጃውን በሁለት እጁ ተቀበላቸው። «ቶዳ ራባ» አለ፣ በጣም አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። አባቴ ያችን ቃል ያውቋታል። እንደ ሙሽራ ደመቁ።

ውጭ ስንወጣ፣ «አሁኑኑ ፋብሪካ ሄደን እናስተካክለው» አልኩት።

«ብናቃናውስ ሳይተኮስ በምን ይታወቃል? ሜዳው እስከ ውድድሩ አይከፈትም» አለኝ። «ያላ፣ በል ቤት ግባ። አባትህ በመስኮት እያዩን ነው።» ቀና ብሎ እጁን አውለበለበላቸው።

እሁድ እዚህ የሥራ ቀን ነው፤ ፋብሪካ ስገባ ቶርኖው አጠገብ ቆሟል። «እንዴት ሆነ?» አልኩት።

«ወደ ግራ» አለኝ።

«ምነው ያኔ ብትነግራቸው!»

«ምን ብዬ? ፊታቸውን አላየህም?» አለና ማሽኑን አስነሣ። ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «ከጠየቁህ መታ በላቸው፤ እሺ? በሰደር?» አለኝ።

አባቴ በሩ ላይ ጠበቁኝ። «ያ ጠመንጃ መታ?» አሉ።

«መታ፣ አባባ።»

ከዚያ ወዲያ አባቴ ሌላ ሰው ሆኑ። ምኩራብ የተገኘውን ሁሉ ይዘው ያወራሉ። ሰፈር ውስጥ የተበላሸ መቆለፊያ፣ የላላ ማጠፊያ እየጠየቁ ያበጁ ጀመር። ያኮቭ ግን በዓመቱ ጠመንጃውን ሸጠው። ጡረታ ወጥቶ ልጁ ዘንድ ሄደ፤ ተጠፋፋን። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉት ነገር ሆነ።

አባቴ ካረፉ ቆይተዋል። እውነቱን ልነግራቸው ስንቴ አፌ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። ብነግራቸው ያኮቭ ስለሳቸው የተወው ነገር ሁሉ ከንቱ ሊቀር ነው፤ ሳልነግራቸው ደግሞ ማመስገን የሚገባቸውን ሰው ሳያመሰግኑ ሄዱ። ይኼ ይቆጨኛል፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ዘመድ ሲሰበሰብ ታሪኩ ይነሣል። ልጆቼ ሳይቀሩ አያታቸው ዘይት በቀቡት ጠመንጃ አንድ ፈረንጅ ውድድር እንዳሸነፈ ያወራሉ። ያኮቭ ያሸነፈው እኛ ቤት ብቻ ነው።