አራተኛው ሳጥን

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ በሩ ሲከፈት ቅዝቃዜው ፊት የሚመታ ጠባብ ክፍል አለ። እዚያ አራት ስዊቾች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ቀን ከሌት ያንጎራጉራሉ። የየክፍሉ ኮምፒውተርና ስልክ የሚገናኘው በእነዚህ ጠፍጣፋ ሳጥኖች በኩል ነው። አራት ይሁኑ እንጂ በኬብል ተያይዘው እንደ አንድ ይሠራሉ፤ አንዱ አለቃ ነው፣ ሦስቱ ይከተሉታል። የሚንከባከባቸው ደግሞ ነርሶቹ "እመት ገመድ" የሚሏት ሴት ናት። ቅጽል ስሙን መጀመሪያ ላይ ተኮሳትራበት ነበር፤ አሁን ግን በስሟ ሲጠሯት እስክትባንን ድረስ ለምዳዋለች።

እመት ገመድ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር ስትለምን ከረመች፤ የስዊቾቹን ፈርምዌር፣ ሳጥኖቹን ከውስጥ የሚያሠራቸውን ፕሮግራም፣ ማደስ። አሮጌው ለሰርጎ ገቦች ቀዳዳ ነበረው። ዳይሬክተሩ ግን "የሚሠራ ነገር ምን ያስነካሻል?" እያሉ ሲመልሷት ቆይተው፣ በመጨረሻ አንድ የእሁድ ጠዋት ፈቀዱላት።

"በሰላም ካለፈ ሌሎቹን ህንፃዎች ትቀጥያለሽ። ካልሆነ ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ!"

እሷ ማስታወቂያ ለጥፋ መቀመጥ አታውቅም። ኔትወርኩን ከመንካቷ በፊት ፎቅ ለፎቅ እየዞረች፣ "ኮምፒውተሩ ትንሽ ሊያርፍ ነው፤ የሚያስፈልጋችሁን አሁኑኑ አትሙ" ትላለች። የዚያን ጠዋትም ዞረች።

የሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ገና ከበሩ ስታያት፣ "አንቺን ሳይ ልቤ ድንግጥ ይላል፤ መርዶ ይዘሽ የመጣሽ ነው የምትመስዪው" አለቻት።

"ለደስታማ ማን ይጠራኛል? ስልክ ሲሞት አይደል የምታስታውሱኝ!"

"በይ ሂጂልኝ፣ የልጆቹን የመድኃኒት ዝርዝር ላትም።"

እመት ገመድ ወርዳ አዲሱን ፈርምዌር ጫነችና ሳጥኖቹን አጥፍታ አስነሳች። ማንጎራጎራቸው ቆመ፤ ክፍሉ ጭር አለ። ከዚያ አለቃው ነቃ፣ አረንጓዴ አበራ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉት። አራተኛው ግን ብርቱካናማ እንዳበራ ቀረ።

"ምነው የኔ ጌታ?" አለችው፣ ያኮረፈ ልጅ እንደምታባብል።

ላፕቶፗን ሰክታ ስታየው ግንባሯን በመዳፏ መታች። አራተኛው ከዕቃ ግምጃ ቤት ወጥቶ ቀደም ሲል በተቃጠለ ሳጥን ምትክ የገባ ነው። ያኔ ከጓደኞቹ ጋር እንዲስማማ ፕሮግራማቸውን ቀድቶ ነበር፤ ሲበራ ቀድሞ የሚያስነሳው ማስነሻ ፕሮግራሙ ግን አሮጌው እንደሆነ ቀርቷል። አዲሱን ፈርምዌር መሸከም አልቻለም። እሷ ደግሞ አለቃውን ብቻ አይታ፣ "ሁሉም አንድ ናቸው" ብላ አልፋለች።

የሕፃናት ክፍል ኬብሎች የተሰኩት አራተኛው ላይ ነው። አፍታም ሳይቆይ ሲስተር እያለከለከች ደረጃውን ወረደች።

"እቴ፣ ስልካችንም ኮምፒውተራችንም ድርግም አለ!"

"ጥፋቱ የእኔ ነው። መድኃኒቱን አትመሻል?"

"አትሜያለሁ።"

"እንግዲያስ ያን ባትሪ ያዥልኝ።"

ሲስተር እያበራችላት፣ እመት ገመድ የሕፃናት ክፍልን ኬብሎች እየነቀለች ሦስተኛው ሳጥን ላይ ባሉት ባዶ ቀዳዳዎች ሰካቻቸው። ሲስተር ሮጣ ወጥታ ከላይ ደወለች። "ተነሥቷል! ስሚኝ እቴ፣ ለዳይሬክተሩ ትንፍሽ እንዳትይ። ማን አየሽ?"

እመት ገመድ ስልኩን አስቀመጠች። አራተኛውን ከሦስቱ ነጥላ ማስነሻውን ለብቻው አደሰች፤ ፈርምዌሩን ጫነችበትና መልሳ አያያዘችው። አረንጓዴ ሆነ። ገና ትንፋሿን ሳትሰበስብ ስልኩ ጮኸ፤ ዳይሬክተሩ ናቸው።

"እህስ? ችግር ነበረ?"

የሌሎቹ ህንፃዎች ነገር በዚህች መልስ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ነበረ ዶክተር" አለችና ምኑንም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

"ልጆቹስ?"

"ደኅና ናቸው። መድኃኒታቸው ቀድሞ ታትሞ ነበር።"

"የድሮው ህንፃ ሳጥኖችም እንዲህ ጉድ ያፈላሉ?"

"አላውቅም። አለቃውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም አንድ በአንድ ሳላይ አልነካም።"

ዳይሬክተሩ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። "በይ ሌሎቹንም ቀጥዪ። ግን እሁድ አይሁን፣ እባክሽ! ጠዋቱን ሙሉ ስልክ ታቅፌ ተቀምጬ ቁርስ እንኳ አልበላሁም።"

ሊወስዳት የመጣው ባለቤቷ ግቢው ውስጥ ሲጠብቃት፣ እሷ እየሳቀች ወጥታ ወደ መኪናው ሳይሆን ወደ ድሮው ህንፃ ታጠፈች።

"ኧረ ወዴት ነው?"

"አንዴ ብቻ፣ የዚያን ሳጥኖች አንድ በአንድ ልያቸው።"

"የአንቺን አንዴ አውቀዋለሁ" አለና መኪናውን ቆልፎ ተከተላት።