ጋሼ ሞተርና የሚስቱ ወንድም

ሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር፤ ለሌላው ሁሉ ጋሼ ሞተር ነው። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አንድ ግዙፍ የናፍጣ ጄኔሬተር ተቀምጧል፤ እሱ ደግሞ የዚያ ጄኔሬተር ጠባቂ፣ ሐኪም፣ ካስፈለገም ባል ነው። ሚስቱ «እኔ ሁለተኛዋ ነኝ» እያለች ትቀልድበታለች። መብራት ጥፍት ሲል ከማዋለጃው፣ ከላቦራቶሪው፣ ከቀዶ ጥገናው ክፍል እኩል «ጋሼ ሞተር!» የሚል ጩኸት ይነሣል። እሱ ግን አይሮጥም። ረጋ ብሎ ይገባል፣ ዘይቱን ያያል፣ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ አጓርቶ አምፖሎቹ ቦግ ሲሉና ነርሶቹ «እፎይ፣ እድሜ ይስጥልን!» ሲሉ ደረቱን ነፋ አድርጎ ይወጣል። በሕይወቱ ከዚያች ደቂቃ የሚጥም ነገር አልነበረውም። ልጆቹ ሲወለዱ እንኳ እንዲህ አልተደሰተም ብትሉት ይቆጣል እንጂ አይክድም።

ይህን ደስታውን የነጠቀው ባዕድ አይደለም፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ባዕድ ቢሆን ኖሮ ተሳድቦ ይወጣለት ነበር። ልጁ ቡሎን ወደየት እንደሚፈታ እንኳ ሳያውቅ ተቀብሎ መፍቻ ያስጨበጠው፣ የታመመ ሞተር በድምፁ እንዴት እንደሚለይ ያስተማረው ራሱ ጋሼ ሞተር ነው። አንድ ቀን ልጁ መጣና «ጋሼ፣ ሶላር ልማር ነው» አለው።

«ፀሐይን በሽቦ ልታስራት?» ብሎ ጋሼ ሞተር ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሂድ፣ ሂድ፤ ሲጨልም ትመለሳለህ።»

ሲጨልምስ አልተመለሰም። የተመለሰው በጠራራ ፀሐይ፣ በፕሮጀክት መኪና፣ ነጭ ሄልሜት ደፍቶ፣ የሆስፒታሉን ጣሪያ ፓነል ሊያለብስ ነው። ዳይሬክተሩ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ጨበጡት። ጋሼ ሞተርን ጨብጠውት አያውቁም፤ እርግጥ እጁ ሁልጊዜ ዘይት ነው፣ ቢሆንም። መጀመሪያ ማዋለጃውና ላቦራቶሪው በፀሐይ ይሠራሉ፤ ነገሩ ከተሳካ የሁለተኛው ምዕራፍ ውል ይፈረምና ሆስፒታሉ በሙሉ ወደ ሶላር ይዞራል፣ ጄኔሬተሩም ይሸጣል ተባለ። «ይሸጣል» የሚለውን ቃል ሲሰማ፣ ሚስቱን ለሌላ ሊድሩበት የተስማሙ ያህል አንጀቱ ቅጥል አለ።

ፓነሎቹ ከተተከሉ በኋላ መብራት ሲጠፋ ማዋለጃው ነገሬም አይለው። ጋሼ ሞተር ቆርቆሮ ቤቱ በር ላይ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ዝም። የሚጠራው የለም። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ ሚስቱ ስለ ወንድሟ አውርታ አትጠግብም። «ሸሚዙን አየህልኝ? ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ውሎ ጠብ ያለበት ነገር የለም እኮ!» ትለዋለች። ጋሼ ሞተር የራሱን ጥፍሮች ያይና እጁን ከጠረጴዛው ሥር ይደብቃል። ቀናበት። በሸሚዙ ቀናበት፣ በመኪናው ቀናበት፣ ዳይሬክተሩን ሲያናግር ምላሱ ባለመተሳሰሩ፣ አልፎ ተርፎም በጫማው ቀናበት። ይባስ ብሎ ልጁ እንደ ድሮው «ጋሼ፣ ጋሼ» ማለቱን አልተወም። ትንሽ እንኳ ቢኮራበት ምናለ? በእግዜር፣ ሰው እንዴት ሰበብ ያልሰጠውን ሰው ይጠላል?

ፓነሎቹ በየሳምንቱ መወልወል ስላለባቸው ልጁ ሥራውን ለጋሼ ሞተር አሰጠው። ጣሪያው ላይ ይዞት ወጥቶ የመጀመሪያውን ረድፍ ራሱ እየወለወለ አሳየው። «ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ፣ ጋሼ። ሌላ ምንም እንዳይነካው።»

«መወልወል ደግሞ አንተ ልታስተምረኝ ነው?» አለው።

አልፎ አልፎ ሰው ለመልካም ነገር ሲነሣ ነገሩ ይበላሽበታል። ጋሼ ሞተር ክፋት አላሰበም። ያሰበው ልጁን በልጦ መገኘት ነው። ውሃ ለወለል ነው፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ የሚወደውን ነገር የሚወለውለው በናፍጣ በረጠበ ጨርቅ ነው። መፍቻዎቹን፣ የጄኔሬተሩን ሆድ ዕቃ፣ የገዛ እጁን ሳይቀር። ጄኔሬተሩን ያየ ሰው ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ናፍጣውን በቆርቆሮ ይዞ ወጣና ፓነሎቹን አንድ በአንድ አሻቸው። የማዋለጃዋ አለቃ በላይኛው መስኮት አየችውና «ጋሼ፣ ዛሬስ መስታወት አደረግኸው!» አለችው።

«ያ ልጅ እንዲህ አድርጎ ያውቃል?»

«ኧረ የት አባቱ!» አለች፣ ልታስደስተው።

ያን ቀን ቤቱ እያፏጨ ገባ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ አደረገ፣ በሚቀጥለውም።

ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ለእድሳት ተቆፍሮ ነበርና አቧራው ቀኑን ሙሉ ይቦናል። ቅባት ያገኘ አቧራ ደግሞ ወዴት ይሄዳል? ፓነሉ ላይ ልጥፍ አለ። ፓነሎቹ ሲደበዝዙ ጋሼ ሞተር ናፍጣውን ጨመረላቸው። የሚያመነጩት ኃይል በየቀኑ እያነሰ ሄደ፣ ባትሪዎቹም ሳይሞሉ ይመሽ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋና ማዋለጃውም አብሮ ጨለመ። ያኔ ያ የናፈቀው ጩኸት ተሰማ፤ «ጋሼ ሞተር! ኧረ ድረስልን!»

ጮቤ ረገጠ። ሮጠ ሁሉ! የማይሮጠው ሰውዬ ኮቴው እየተሰማ ሮጦ ሞተሩን አስነሣ። ጥፋቱ የራሱ መሆኑን አላወቀም፤ ያወቀው ፀሐይ እንደተሸነፈች ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ጠርተው «ይሄ ሶላር የሚባለው አልሆነም መሰለኝ፤ ውሉን ትተን ጄኔሬተሩን ብናሳድሰውስ?» ሲሉት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ምን አውቃለሁ ዶክተር፣ የተማረው እሱ ነው» አላቸው። ቃሏን ወጥቶ ለራሱ ደጋገማት፤ በጣም ጣመችው። ሚስቱ ማታ «ወንድሜን ከፕሮጀክቱ ሊያነሡት ነው» ብላ ስታለቅስ «አይዞሽ፣ ሌላ ሥራ አያጣም» ብሎ ትከሻዋን እየደባበሰ በሆዱ ሲስቅ ነበር። ሳቁ ራሱንም ትንሽ አስደነገጠው፣ ግን አላቆመም።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ፣ ልጁና ጋሼ ሞተር ጣሪያው ላይ ወጡ። ልጁ ሽቦውን ፈተሸ፣ ባትሪውን ለካ፣ ሁሉም ደኅና ነው። በመጨረሻ ቁጢጥ ብሎ ፓነሉን በጣቱ ጠረገና ጣቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ቀና ብሎ ጋሼ ሞተርን አንድ ጊዜ አየው። ናፍጣን የማሽተት ሙያ ያስተማረው ማን ሆነና! ጋሼ ሞተር ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባው። አሁን ይናገራል፣ አሁን አፈር ያስግጠኛል ብሎ ጠበቀ።

«ምንድነው?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«የመንገዱ አቧራ ከቅባት ጋር ተጣብቆ ነው፣ ዶክተር። በሳሙና ይለቃል። ጥፋቱ የኔ ነው። በምን እንደሚወለወል ለጋሼ በደንብ መንገር ነበረብኝ፣ አልነገርኩትም።»

ዳይሬክተሩ ልጁን እንደ ተማሪ ቤት ሕፃን ወረዱበት። መሐንዲስ ነኝ ባይ፣ አንዲት ቃል መናገር ከብዶህ ነው፣ እዚህ እናቶች ይወልዳሉ እኮ፣ አሉት። እሱ አንገቱን ደፍቶ «ልክ ነዎት» ይላል። ጋሼ ሞተር አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አልወጣውም።

ፓነሎቹን በሳሙና ውሃ ጎን ለጎን ሆነው አጠቡ። ብዙ ከቆየ በኋላ ጋሼ ሞተር «ነግረኸኝ ነበር እኮ» አለ፣ ፓነሉን እያየ።

«ድምፄ ዝቅ ያለ ነው፣ አልተሰማህም ይሆናል ጋሼ።»

«ሰምቼሃለሁ።»

ልጁ ባልዲውን ወደ እሱ ገፋ አደረገለትና «ያቺን ጥግ አትርሳት» አለ።

ፓነሎቹ ወደ ኃይላቸው ተመለሱ፣ የሁለተኛው ምዕራፍ ውልም ተፈረመ። ሚስቱ ደስታውን ምክንያት አድርጋ ወንድሟን ራት ጠራችው። የጣሪያው ወሬ በሌላ ሰው በኩል ደርሷት ኖሮ ገና እንደተቀመጠ ተነሣችበት። «አንተስ? ለምን በደንብ አትነግረውም? ስንት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲለፋ የከረመው እሱ! ስሙ የሚጠፋው በማን ጥፋት ነው?»

«ልክ ነሽ እትዬ» አለ ልጁ። ከወንበሩ ብድግ ብሎ ወደ ጋሼ ሞተር ዞረ። «ይቅርታ፣ ጋሼ።»

ፊቱ ላይ ፌዝ የለም፣ ምሬት የለም፣ ቂም የለም። ጋሼ ሞተር ፈልጎ አጣው፤ አንዲት ቅንጣት ቢያገኝ ይተርፍ ነበር። በቦታው እሱ ቢሆን ኖሮ ናፍጣውን ያሸተተ ዕለት ግቢው እስኪሰማ ይጮህ እንደነበር ያውቀዋል። ሸሚዝ ይገዛል፣ ሙያም ቢሆን ከልቡ ከፈለገ እሱም ይማረው ነበር። ይሄን ልብ ግን ከየት ያመጣዋል? እንደዚያን ምሽት ቀንቶ አያውቅም።

ሚስቱ ሁለቱንም እያየች ትጠብቃለች።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ ጋሼ ሞተር፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ።