የመሥሪያ ቤት ካሜራ

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከሰዓት... ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ አንድ ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። «ኃይለኛ ንፋስ! ቶሎ አሳርፍ» ይላል። እኔ ደግሞ «ትንሽ ብቻ» እለዋለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ጎንደር ከተማ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝ። ካሜራ ያላትን ትንሽዬ ድሮን የገዛኋት ለጨዋታ ነው። የዓመት ፈቃድ ወጥቼ እዚያ ድረስ የሄድኩትም እዚህ ለምለጥፋት አንዲት ቪዲዮ ብዬ ነው።

ትንሽ ብቻ ስል ንፋሱ ይዟት ሄደ። መመለሻውን ብጫን፣ ብጫን... ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ወደ ኋላዋ ትሄዳለች! ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ።

እየሮጥኩ ቁልቁል ስወርድ አንድ አውድማ ላይ ደረስኩ። አያ እንየው የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ የተወቃ ገብሳቸውን በመንሽ ወደ ላይ ይበትናሉ። እኔን ጉድ የሠራኝ ንፋስ ለእሳቸው ገለባውን እየወሰደ ፍሬውን እግራቸው ሥር ይጥልላቸዋል። ባለቤታቸው ከሥር ከሥር ይጠርጋሉ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንህ?»

ድሮን ልል አፌን ከፈትኩና... ዋጥኩት። በዚህ ጊዜ ገበሬ አውድማ ላይ ቆሞ ይህን ስም መጥራት ደግ አይደለም።

«ካሜራዬን ንፋስ ወሰደብኝ» አልኳቸው።

«ካሜራን ደግሞ ንፋስ ይወስደዋል?»

«ክብደት የለውም... የመሥሪያ ቤት ነው አያ። ካላገኘሁት ከሥራ ያባርሩኛል።»

ይቺን ከየት እንዳመጣኋት እንጃ። የትልቅ ሰው መጫወቻ ነው ማለት አሳፍሮኝ ነው መሰለኝ።

አያ እንየው መንሹን ገለባው ላይ ሰኩት። ባለቤታቸው ደነገጡ።

«ኧረ ንፋሱ! ስንት ቀን ጠብቀነው...»

«የሰው እንጀራ ሊቆረጥ ነው እኮ። ንፋስ ነገም ይመጣል።»

ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ... ሁለቱም ሸለቆ ወርደው ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ይፈልጉልኝ ጀመር። የአያ እንየውን ቅልጥም እሾህ ሲቧጭረው እያየሁ እኔም አብሬ እፈልጋለሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ባለቤታቸው ቀጋ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥላ አገኟት። አገላብጠው አዩዋትና «ክንፍ አለው እኮ!» አሉ። አያ እንየው አየት አደረጉኝና... ቀድመው መንገድ ጀመሩ።

አውድማው ስንመለስ አንዲት ገለባ አትንቀሳቀስም። አንድ መንሽ አንስተው ወደ ላይ ቢበትኑ ገለባውም ፍሬውም አንድ ላይ ተመልሶ ወረደ። ላግዝዎት ብላቸው «ማኪና ሳያመልጥህ ሂድ» ብለው ስልክ ቁጥሬን ተቀብለው፣ የእሳቸውንም ሰጥተው ሸኙኝ።

ሐሙስ ዕለት፣ በታኅሣሥ፣ ያለ ወቅቱ ዝናብ ወረደ። ቤቴ መስኮት ላይ ቆሜ እያየሁት ያ አውድማ ታወሰኝ። መደወል ነበረብኝ... ፈራሁ።

ዛሬ ጠዋት እሳቸው ደወሉ።

«ልጄ፣ እንዴት ነህ? ሥራህስ... አላባረሩህም?»

«አላባረሩኝም አያ... ገብሱስ?»



«ገብሱንማ ዝናብ አገኘው። አብዛኛው በቀለ። አንተ ብቻ እንኳን ተረፍህ! ያን ክንፍ ያለው ካሜራ ግን ሁለተኛ በንፋስ እንዳታወጣው።»

ከሁለቱ አንዱን እንኳ ልነግራቸው አልቻልኩም፤ ዕቃው የራሴ መሆኑንም፣ ለጨዋታ መሆኑንም። «እሺ አያ» ብዬ ዘጋሁ።

ቪዲዮዋ አልተበላሸችም። መጨረሻዋ ላይ አያ እንየው ከሩቅ መንሻቸውን ሲያነሱና ገለባው በንፋሱ ሲሄድ ይታያል። ሸጋ ናት፣ ግን አልለጥፋትም...

የተቆረጠው የማን እንጀራ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።