ቦታ የማትለቅ ኮከብ

በይፋት ቆላ ሰማይን እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። ከካራቆሬ እስከ ጀውሃ ያሉ ከዋክብት በየምሽቱ ሰላምታ ሳይሰጡኝ አያልፉም ብል ማጋነን አይሆንም። ሸዋ ሮቢት ላይ ቆርቆሮ ሥር የሚያድር ዳቦ ብቻ ነው። ሰው የሆነ ሁሉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ፣ አጎበሩን ዘርግቶ፣ ሽቅብ እያየ ይተኛል። እኔም ከማንጎው ዛፍ አጠገብ ስተኛ ኖሬያለሁ።

ባለፈው በጋ ያሳደጉኝን አክስቴን ከቀወት ገጠር አመጣኋቸው። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ወንዝ ወርደው ውኃ መቅዳት አቅቷቸዋል። ከእንግዲህ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር እንዲኖሩ ነበር ሐሳባችን። እሳቸው ግን በመጀመሪያው ምሽት አጎበራቸው ውስጥ ተንጋለው ሽቅብ ሲያዩ ቆዩና፣

«ሰማዩን ምን አደረጋችሁት?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ፊት ለፊት የሆቴሉ ፓውዛ፣ ከዚያ ማደያው፣ ከዚያ የመንገዱ መብራት፣ በዚህ ሁሉ ላይ እኔ ራሴ ግቢዬ ውስጥ የሰቀልኩት ፓውዛ። ሰማዩ እንደ አሮጌ ጆንያ ገርጥቷል።

«እኔ ኮከብ ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቅዳሜ አገሬ መልሰኝ።»

ደነገጥኩ። ግን ሰማይ አዋቂነቴ ለመቼ ነው? ጣቴን ወደ ኮረብታው ቀሰርኩ።

«ይኸው እትዬ! ያቺን አያዩዋትም? ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት።»

አዩዋት፤ ደስም አላቸው። ቅዳሜው አለፈ፣ ሌላም ቅዳሜ ተከተለ። ማታ ማታ ኮከባቸውን ተሰናብተው ይተኛሉ። አንድ ቀን ብቻ፣ «ይቺ ልጅ ቦታ አትለቅም እንዴ?» ቢሉኝ፣ «የከተማ ኮከብ ናት እትዬ፤ እዚህ ቦታ አንዴ ከለቀቁ ተመልሶ አይገኝም» ብዬ አሳቅኳቸው።

አንድ ምሽት እራት በልተን ገና ጋደም እንዳልን መብራት ጠፋ። ከተማው ባንድ ጊዜ ድርግም! እኔ ለአክስቴ ብዬ ወዲያው የስልኬን ባትሪ አበራሁ።

«አጥፋው!» አሉ። «ወደ ላይ እይ!»

የማሽላ ጆንያ ተቀዶ የተበተነ ነበር የሚመስለው። አክስቴ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ወደ ኮረብታው ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ያቺ ኮከባችን የት ገባች?»

ፈለግኳት። ኮረብታው ላይ የለችም። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና ሳቋን ለቀቀችው።

«የውኃ ታንከሩ አምፖል ናት'ኮ! መብራት ሲጠፋ በምን ትብራ?»

በመሐላ እናገራለሁ፣ አላውቅም ነበር።

አክስቴ አልተቀየሙኝም። ሆዳቸውን ይዘው ስቀው ስቀው ሲያበቁ ግን ድምፃቸው ኮስተር አለ።

«የሰው ሆቴል መብራት አጥፋ አልልህም። የራስህን ፓውዛ ግን አጥፋልኝ፤ አብሬህ እኖራለሁ። አለዚያ ቅዳሜ መንገደኛ ነኝ።»

«ሌባ ይገባል እትዬ! እባብ አለ፣ ጅብም አልፎ አልፎ...»

«ሌባው ዕቃህን ካላየ በምን ይጎመጅ? ጅቡስ እስከ ዛሬ ያልበላህ አምፖል ፈርቶ ነው?»

ተሸነፍኩ። መብራት ሲመጣ ፓውዛውን ነቅዬ አወረድኩት። አልጋቸውንም የሆቴሉን ብርሃን ግድግዳው ወደሚከልልበት ወደ ቤቱ ጀርባ አዛወርነው። የገጠሩን ሰማይ አያህልም፤ ግን ኮከብ አለው፣ ኮከቡም ቦታ ይለቃል። አክስቴ ስለ ቅዳሜ ማንሳት ትተዋል። ለባለቤቴ የትኛዋ በየት በኩል እንደምትወጣ ሲያሳዩዋት፣ ሁለቱ ሲንሾካሾኩና ሲስቁ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።

አዎ፣ በግድግዳው በኩል። እኔ ቆርቆሮው ሥር ነኝ፤ በር ዘግቼ፣ አምፖል አብርቼ፣ እንደ ዳቦ እየተጋገርኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ውጭ ብርዱ ወገቤን ያዘኝ» እላለሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ብርድ! ፓውዛውን የሰቀልኩት ለሌባም ለጅብም አልነበረም። ጎልማሳ ሰው ነኝ፣ ጨለማ እፈራለሁ።